ከክቡ መብራት ፊት

«ታዲያ ለሌላ ሰው ስንሠራው ሕክምና፣ ለእሷ ሲሆን ጉዳት ነው?» አለች ሥራ አስኪያጇ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር፤ ግን የዶክተሩን ክፍል ከእንግዳ መቀበያው የሚለየው ግድግዳ ስስ ጂፕሰም ስለሆነ ሹክሹክታ ሳይቀር ያሳልፋል።

«ጉዳት አላልኩም። አታቋርጪኝ።»

«እሺ፣ ምን አልክ?»

«ማዲያት ነው አልኩ። ነጠላ የጸሐይ ነጠብጣብ ቢሆን በሌዘር አነሣው ነበር። ማዲያት ግን ሲነካኩት ይቆጣል። እንደኛ ጠይም ቆዳ ላይ፣ በዚያ ላይ ጸሐይ ለሚመታው ሰው፣ ለወር ለሁለት ወር ፈካ ይልና ተመልሶ ይመጣል። አንዳንዱ እንደውም ከድሮው ብሶ ጠቁሮ ይመጣል። ስንቴ ልንገርሽ?»

«ለእኔ ምን ትነግረኛለህ፣ ለባንኩ ንገረው እንጂ! ማሽኑን ስንገዛ ‹ተይ› አላልከኝም።»

«ብዬሻለሁ።»

«ቀስ ብለህ ነዋ ያልከው!»

ወንድምና እህት ናቸው። ክሊኒኩን አብረው ነው የከፈቱት፤ እሱ የሰው ፊት ያያል፣ የቀረውን ሁሉ እሷ ታያለች። ጠዋት ጠዋት መነታረካቸው እንደ መጥረጊያው ድምፅ የተለመደ ነውና ከመቀበያው ጠረጴዛ ጀርባ የተቀመጠችው ልጅ መጀመሪያ ጆሮዋን አልሰጠችውም። ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል ይዛ ቀጠሮ እየጻፈች ነበር። ቀጥሎ የመጣው ግን እጇን አስቆመው።

«ልጅቷ እኮ በር ላይ ያስቀመጥናት ማስታወቂያችን ናት። ሰው ፊቱን ሊታከም ይመጣና መጀመሪያ የሚያየው የእሷን ጉንጭ ነው። ‹ሠራተኛቸውን ያላዳኑ እኔን ሊያድኑኝ ነው?› ቢል ምን እንለዋለን? ወይ ዛሬውኑ ሌዘሩን ትሠራ፣ ወይ ካርድ ክፍል ትግባና እዚያ ላይ ሌላ እናስቀምጥ።»

ከዶክተሩ በኩል ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ።

«ሃሎ? አለሽ እንዴ?» አለች በስልኩ ውስጥ ያለችው ሴት።

«አለሁ፣ እመቤቴ» አለች ልጅቷ፤ «ሐሙስ ይመችዎታል?»

ቤት ውስጥ ሚጡ ነው የምትባለው፤ እዚህ ግን ከዘበኛው ጀምሮ ሁሉም «መቀበያ» ይላታል። ስለ ፊቷ መወራቱ ያን ያህል አላስደነገጣትም። በሁለቱ ጉንጮቿ ላይና ከላይኛው ከንፈሯ በላይ ቡና ዓይነት ጥላ አለ፤ ጠዋት በወፍራም የፊት ቀለም ትሸፍነዋለች፣ ከምሳ በኋላ ቀለሙ ሲለቅ ቀስ ብሎ ይወጣል። ሥራ አስኪያጇ ከሰዓት በኋላ በአጠገቧ ስታልፍ ዓይኗን የት እንደምታሳርፍ ታውቃለች። ያስደነገጣት ሌላ ነው። «ጸሐይ ለሚመታው ሰው» ያለው ቃል ነው። ዛሬ ከምሳ በፊት ከሌዘሩ ሥር የምትተኛ ሴት ቀጠሮ አላት፤ ቀጠሮውን የያዘችላት ራሷ ሚጡ ናት፤ ሴትዮዋ ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ ጸሐይ ላይ ነው የምትውለው።

ስልኩን ዘጋችና ከፊት ለፊቷ ያለውን ግድግዳ አየች። ግድግዳው ሙሉ ፎቶ ነው፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ የተሰቀለ። በግራ «በፊት»፣ በቀኝ «በኋላ»። ፎቶዎቹን ያነሣችው እሷ ናት። ሥራ በጀመረች ሰሞን ሥራ አስኪያጇ ማዕዘኑ ላይ አቁማ አሳይታታለች፦ ለመጀመሪያው ሰውየውን ወደ መስኮቱ አዙሪው፣ ብርሃኑ ከጎን ይምታው፣ ቅባት አይቀባ፤ ለሁለተኛው ፊቱን ቅባት ቀብተሽ ከክቡ መብራት ፊት አስቀምጪው፣ ቀና ይበል። ክቡ መብራት በሦስት እግሩ የቆመ ነጭ ቀለበት ነው፤ ከፊቱ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ጨረቃ ይመስላል። ጠቁረው የተመለሱት ለሁለተኛው ፎቶ አይጠሩም። እነሱን ሥራ አስኪያጇ ውስጥ አስገብታ «የጸሐይ መከላከያውን አልተቀባሽም ማለት ነው» ትላቸዋለች፤ አንገታቸውን ደፍተው፣ ጥፋቱ የራሳቸው ሆኖ፣ በጎን በር ይወጣሉ። ሚጡ ይህን ሁሉ ታያለች። ሆኖም ማታ ማታ መብራት እያጠፋች ስትወጣ ያንን ግድግዳ ቆም ብላ ታየው ነበር፤ እንዲህ ስታየው ከርማ በገዛ እጇ ያነሣቻቸውን ፎቶዎች አመነች። አምናም እህቷን ጎተጎተች።

እህቷን ሰፈሩ ሁሉ እታለም ነው የሚላት። ከክሊኒኩ ጀርባ ባለው ሰፊ መንገድ ዳር መኪና ታቆማለች፤ አረንጓዴ አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሳ፣ ሰፊ የገለባ ባርኔጣ ደፍታ፣ ፊሽካ በአንገቷ አንጠልጥላ። ማዲያቱ የቤተሰብ ነው መሰለኝ ትላለች፤ የእሷ ግን ከታናሿ ይልቅ የጠቆረ፣ ዳር ዳሩ የተሸራረፈ ነው። ሾፌሮቹ «ካርታ» ብለው ይጠሯታል። «አንቺ ካርታ፣ እስቲ ቦታ አሳይን!» ሲሏት «የት አገር ልላክህ?» ብላ ትመልሳለች፤ ይስቃሉ፣ ትስቃለች። አንድ ቀን ማታ ግን እግሯን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ነክራ ተቀምጣ ሳለ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ «ሰው ሲያናግረኝ እኮ ዓይኔን አያይም፤ ጉንጬን እያየ ነው የሚያወራኝ። አንድ ቀን ዓይኔን እያየ ቢያወራኝ ደስ ይለኛል» አለች። ሚጡ ያኔ ነው «እኛ ጋ ይለቃል» ያለቻት።

ለሠራተኛ ቤተሰብ የሚደረግ ቅናሽ ነበር። ሚጡ ቅናሹን ልትጠይቅ ሥራ አስኪያጇ ዘንድ የገባች ቀን መስኮቱ ክፍት ነበር፤ ከመንገዱ የፊሽካ ድምፅና «ወደ ኋላ! ወደ ኋላ በለው! ኧረ ግንቡን ልትበላው ነው!» የሚል ጩኸት ይሰማል። ሥራ አስኪያጇ ፊቷን አጨማድዳ መስኮቱን ዘጋችና «ለማን ነው ቅናሹ?» አለቻት። ሚጡ አፏን ከፈተች። «ለአንዲት... ለማውቃት ሴትዮ» አለች። ለምን እንደዚያ እንዳለች ራሷም በደንብ አታውቅም። ቅናሹ ግማሽ ሆኖ ተፈቀደ፤ የቀረውን ሚጡ «ከደመወዜ ይቆረጥ» አለች።

ዛሬ ጠዋት እታለም ከወትሮው ቀድማ ተነሣች። አንድ ክፍል ቤት ናት፤ አንዱ ሲነሣ ሌላው መንቃቱ አይቀርም። ግራጫ ቀሚሷን ከሻንጣ አውጥታ አልጋው ጠርዝ ላይ ተኮሰችው። የፈረቃ ጓደኛዋን ለምና እስከ ምሳ ሰዓት አስፈቅዳለች። ተኩሳ ስትጨርስ ወደ በሩ ጀርባ፣ ሰደርያው ወደተሰቀለበት ሚስማር እያየች፣ «ከእናንተ ጋ ስወጣ በቀጥታ ሥራ ነው የምገባው። ለብሼው ልምጣ?» አለች። ሚጡ መስተዋቱ ፊት ቀለሟን እየተቀባች ነበር። «ቀሚሱ ብቻውን ያምርብሻል» አለች፣ ሳትዞር። እታለም ሰደርያውን አጣጥፋ በፌስታል ከተተች፤ ከዚያ ሻዩን ቀዳች፣ ዳቦውን ቆረሰች፣ ሁለቱም በልተው እስኪጨርሱ ድረስ የሚሰማው የብርጭቆ ድምፅ ብቻ ነበር።

ሥራ አስኪያጇ ከወንድሟ ክፍል ወጥታ ጠረጴዛው ላይ በሁለት ክንዷ ተደገፈች። ሽቶዋ ቀድሟት ደረሰ። «የኔ ቆንጆ፣ ዛሬ ለአንቺ ስጦታ አለኝ» አለች። «ነርሷ ከምሳ በኋላ ክፍት ናት። ከአንቺ ሳንቲም አልፈልግም። የግድግዳው የመጨረሻ ፎቶ አንቺ ትሆኛለሽ፣ ከዚህ ጠረጴዛ በላይ እሰቅልሻለሁ።»

«ዶክተር ምን አሉ?»

«ዶክተር ምን ይላል? ዝም አለ። የእሱ ዝምታ እሺታ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ።» ከዚያ ድምፅዋ ትንሽ ደከመ። «ስሚ፣ ክፉ አታድርጊኝ። እኔም በዚህ ማሽን ዕዳ እንቅልፍ ካጣሁ ቆየሁ» አለችና ከዓይኖቿ ሥር ያለውን ጥቁረት በጣቷ ነካ አድርጋ ሄደች።

ዶክተሩ ሻይ ሊቀዳ ሲወጣ ሚጡ ተነሥታ ተከተለችው። ረጅም፣ ጎንበስ ያለ ሰው ነው፤ ሲያወራ የሰው ፊት ላለማየት ብርጭቆውን ያያል፤ ቀኑን ሙሉ ፊት ሲያይ ስለሚውል ይሆናል።

«ዶክተር፣ ጸሐይ ላይ የሚውል ሰው... ማዲያት ያለበት... ሌዘር ቢሠራ...»

«ባይሠራ ይሻለዋል።»

«ግን እኛ እንሠራለን።»

«አስረድተን እንሠራለን» አለ። ስኳሩን አማሰለ፤ ከሟሟም በኋላ ማማሰሉን አላቆመም። «አስረድተን ነው መሥራት ያለብን» ብሎ አረመ። «ባርኔጣ፣ ጥላ፣ መከላከያ ቅባት፣ ትዕግሥት። እሱ ነው ዋናው። ትዕግሥት ደግሞ ማሽን የለውም።» ለመሳቅ ሞከረ። ሚጡ አልሳቀችም፤ እሱም ብርጭቆውን ይዞ ገባ።

እታለም ስትመጣ መጠበቂያው ግማሽ ሞልቶ ነበር። ባርኔጣዋን ደፍታ፣ ፌስታሏን ጨብጣ፣ በግራጫ ቀሚሷ በሩ ላይ ብቅ ስትል ዘበኛው «እንዴ፣ ፓርኪንግ! ዛሬ ደግሞ የማንን መኪና ነው?» አላት። «ዛሬ ራሴን ላቆም ነው» አለችና ገባች። ወደ ጠረጴዛው መጥታ፣ የታናሽ እህቷን ዓይን አይታ፣ ልክ እንደ ማንኛዋም ታካሚ «ቀጠሮ ነበረኝ» አለች። ቀልድ ይሁን ቁም ነገር ሚጡ አላወቀችም። «ይቀመጡ» አለቻት፤ አንቱታው ከአፏ ሲወጣ ጆሮዋን አቃጠላት።

እታለም ከአንዲት አስተማሪ አጠገብ ተቀመጠች። አስተማሪዋ ጠና ያለች፣ የጠመኔ ብናኝ ከሹራቧ እጅጌ ያልለቀቀ ሴት ናት፤ እሷም የመጀመሪያ ቀኗ ነው፣ እሷም ማዲያት። ጥቂት ሳይቆዩ ተግባብተው ማውራት ጀመሩ። «ተማሪዎቼ ‹ዝንጉርጉር› ይሉኛል» አለች አስተማሪዋ። «እኔን ‹ካርታ› ነው የሚሉኝ፤ አንቺስ ይሻልሻል» አለች እታለም። «አንቺ ደግሞ ቢያንስ ትጠቅሚያለሽ፣ መንገድ ታሳያለሽ!» አለች አስተማሪዋና ሁለቱም አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው ሳቁ። ጥቁር መነጽር ያደረገች ወጣት ከወዲያኛው ወንበር ሳትወድ በግዷ ፈገግ አለች። ሚጡ እህቷ እንዲህ ስትስቅ ካየቻት ቆይቷል። ከግድግዳው ላይ ያሉት ጨረቃ ፊቶች ቁልቁል ያዩአቸዋል።

«ለፎቶ ላንሣዎት» ብላ ወደ ማዕዘኑ ወሰደቻት። በመስኮቱና በክቡ መብራት መሀል ጠባብ ቦታ አለች፤ መጋረጃ ሲጋረድ ሁለት ሰው ብቻ ይይዛል። እታለም እንደተነገራት ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ወደ መስኮቱ ዞረች፣ ባርኔጣዋን አውልቃ ጉልበቷ ላይ አኖረች። ብርሃኑ ከጎን መታት። ጉንጯ ላይ ያለው ጥላ፣ በዓይኖቿ ጥግ ያሉት ቀጫጭን መስመሮች፣ የፊሽካው ክር አንገቷ ላይ ያሰመረው ነጭ ምልክት ሳይቀር ወጣ። ሚጡ ካሜራውን አላነሣችም።

«እታለም» አለች በሹክሹክታ፤ «ዛሬ ይቅርብሽ።»

«ምኑ?»

«ሌዘሩ። ይቅርብሽ። ማታ እነግርሻለሁ።»

እታለም ቀስ ብላ ዞረች። ዝም ብላ አየቻት፤ ሚጡ ያንን ዝምታ ከጠዋቱ ሻይ ታውቀዋለች። «ቀሚሱን ለብሼ መጣሁ» አለች እታለም። «ሰደርያዬን በፌስታል ይዤ መጣሁ። በር ላይ እንኳ አልጮህኩም። ከዚህ በላይ ምን ልሁንልሽ?»

«እሱ አይደለም! ወላሂ እሱ አይደለም...»

«ከዚያች አስተማሪ ጋር መሳቄ ነው? እሺ፣ አልስቅም።»

«እታለም፣ ስሚኝ እንጂ...»

መጋረጃው ተከፈተ። ሥራ አስኪያጇ ናት፤ ፈገግታዋን ለብሳ፣ ሁለቱንም በተራ አየች። «ይቺ ናት እንዴ ያቺ የምታውቂያት ሴትዮ?» አለች። «እንኳን ደህና መጡ፣ እትዬ። ነርሷ እየጠበቀች ነው። ቅናሽ የተደረገልዎት በእሷ ልመና ነው፣ ያመስግኗት።»

የማታውቀው ሰው ቢያያት እታለም ፊት ላይ ምንም አልተለወጠም። ባርኔጣዋን ከጉልበቷ አነሣች፣ ፌስታሏን አነሣች፣ ተነሥታ ቀሚሷን ከኋላ አስተካከለች። «አመሰግናለሁ» አለች ለሚጡ፤ ቀጥ ብላ፣ ዓይን ዓይኗን እያየች። ከዚያ ለሥራ አስኪያጇ «በየት በኩል ነው?» አለች።

ሌዘሩ ያለበት ክፍል ከመጠበቂያው ባሻገር፣ ከኮሪደሩ ጫፍ ነው። በሩ ክፍት ነበር፤ የማሽኑ ማቀዝቀዣ እንደ አሮጌ ማቀዝቀዣ ሣጥን ያጉረመርማል፤ ነርሷ አረንጓዴ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ አልጋውን በወረቀት ትሸፍናለች። እታለም በታካሚዎቹ መሀል ቀና ብላ እየተራመደች ነበር፤ መኪና ስታስወጣ እንደምትራመደው፣ ማንም የማይጋፋት መስላ። ሚጡ ከማዕዘኑ ሆና ጀርባዋን አየች። ካሁን በኋላ በሹክሹክታ ምንም ብትላት እንደማታምናት ገባት። ዛሬ ማታ ቤት ሆና ብትነግራትም አይሆንም፤ ፊቱ ያኔ ተነክቷል፣ ነገ ጠዋት ደግሞ ያ ፊት ጸሐይ ላይ ነው የሚውለው።

«እህቴ ናት!» አለች።

ጮክ ብላ ነው ያለችው፤ ካሰበችው በላይ ጮክ ብላ። መጠበቂያው ዞረ። ነርሷ ከነወረቀቷ ቆመች።

«የማውቃት ሴትዮ አይደለችም። እህቴ ናት፣ ታላቄ ናት፣ ያሳደገችኝ እሷ ናት። እዚህ ጀርባ መኪና የምታቆመው። ቀኑን ሙሉ ጸሐይ ላይ ነው የምትውለው። ዶክተር ዛሬ ጠዋት ብለዋል፣ ሰምቻቸዋለሁ፤ ማዲያት በሌዘር ሲነካ ይቆጣል ብለዋል። ጸሐይ ለሚመታው ሰው ተመልሶ ጠቁሮ ይመጣል ብለዋል። እኔንም ባይነካኝ ይሻላል ብለዋል። እታለም፣ አፍሬብሽ አይደለም ዛሬ የከለከልኩሽ። ያፈርኩብሽ ያን ቀን ነበር።»

አስተማሪዋ ተነሣች፤ ክፍል ውስጥ እንደምትነሣው፣ ጸጥታውን ሁሉ ይዛ። «ቆይ፣ እኔንስ ‹ማዲያት ነው፣ በሦስት ጊዜ ይለቃል› አይደለም እንዴ ያላችሁኝ?» አለች። ባለ መነጽሯ ወጣት መነጽሯን አወለቀች፤ ጉንጮቿ ከቀሪው ፊቷ ይልቅ ጠቁረው፣ ዳር ዳራቸው ቀልቶ ነበር። «እኔ ቅባቱን አልተቀባሽም ነው የተባልኩት» አለች ቀስ ብላ። «ተቀብቻለሁ። በየሰዓቱ ነው የተቀባሁት።»

ሥራ አስኪያጇ «እባካችሁ፣ አንድ በአንድ...» ብላ ጀመረች፤ አልጨረሰችውም። የወንድሟ ክፍል በር ተከፈተ። ዶክተሩ የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ ቆመ። ሁሉም አዩት። እሱ ብርጭቆውን አየ፤ ከዚያ፣ ሚጡ እዚህ ቤት ሥራ ከጀመረች ወዲህ አይታው በማታውቀው ሁኔታ፣ ብርጭቆውን ካርድ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠና የሰዎቹን ፊት በየተራ አየ።

«ልጅቷ ያለችው ልክ ነው» አለ። «ግቡ። እርስዎም ግቡ፣ አንቺም ነይ። ነጠላ ነጠብጣብ ያለበት ሰው አይስጋ፣ እሱ በሌዘር ይለቃል። ማዲያት ያለባችሁ ግን... ግቡ፣ እንነጋገር።»

ተንጋግተው ወደ እሱ ሄዱ። «የእኔስ የቱ ነው፣ ዶክተር?» «ይቺንስ ይዩልኝ!» «ያስከፈላችሁኝስ?» ሴቶቹ ጉንጫቸውን በጣታቸው እየነኩ፣ አንዷ በሌላዋ ትከሻ ላይ እየተንጠራራች፣ በጠባቡ በር ላይ ተጨናነቁ። ሥራ አስኪያጇ መሀላቸው ለመግባት ሞክራ ተገፍታ ወጣች። ጥቂት ቆመች። ከዚያ ወደ መቀበያው ጠረጴዛ መጥታ፣ የሚጡ ወንበር ላይ እንደ ዕቃ ተቀመጠች፤ ባለ ተረከዝ ጫማዋን አውልቃ እግሯን መሬት ላይ አሳረፈች።

እታለም ከኮሪደሩ ጫፍ ተመለሰች። ሚጡ ፊት ስትደርስ ቆመች። ሚጡ የሆነ ነገር ልትል አፏን ከፈተች፤ እታለም በዓይኗ ከለከለቻት። ፌስታሉን ፈታች፣ ሰደርያውን አራገፈችና በግራጫ ቀሚሷ ላይ ለበሰችው፤ ቁልፎቹን ከታች ጀምራ ቆለፈችና ባርኔጣዋን ደፋች። በክቡ መብራት ፊት ስለነበሩ የሰደርያው ነጫጭ መስመሮች ቦግ አሉ።

«በይ፣ የማውቅሽ ልጅ» አለች። «ምሳ በልተሻል?»

«አልበላሁም።»

«ጉንጭሽ ላይ ቀለሙ ለቋል። እንባሽ ነው ያስለቀቀው።»

«ይልቀቅ» አለች ሚጡ።

ከጠረጴዛው ሥር ቦርሳዋን ለመውሰድ ጎንበስ ስትል የሥራ አስኪያጇ እግር አጠገብ ደረሰች። ሥራ አስኪያጇ ወደ ወንድሟ በር ነበር የምታየው፤ አልዞረችም። ሚጡ፣ ከእንግዲህ እንደማይመለስ ሰው፣ የመቀበያውን መሳቢያ ቁልፍ ከኪሷ አውጥታ ስልኩ አጠገብ አኖረችው። ወደ በሩ ሲሄዱ እታለም ባርኔጣዋን ከገዛ ራሷ አውልቃ በእህቷ ራስ ላይ ደፋችው፤ ሰፊ ስለሆነ እስከ ቅንድቧ ድረስ ወረደ። «እኔ ጸሐዩን ለምጄዋለሁ» አለች። «አልለመድሽውም» አለች ሚጡና ልትመልስላት ስትሞክር እታለም እጇን ያዘች፤ ያዘችና አለቀቀችውም።

ስልኩ ጮኸ። ሥራ አስኪያጇ እስኪደጋግም ጠበቀች፤ ከዚያ ጉሮሮዋን ጠረገችና በዚያ በለመደችው ጣፋጭ ድምፅ «ሃሎ፣ አለሁ» አለች። ዘበኛው አንዲት ነጭ መኪና ወደ ግቢው እያስገባ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ፣ «ወደ ኋላ! ትንሽ ወደ ኋላ!» ይላል። ሁለቱ እህትማማቾች በመኪናዋና በግንቡ መሀል ባለው ክፍተት ጎን ለጎን ሆነው ወጡ።